የሐይቁ መምህር ከጓደኞቻቸው ጋር

የመጽሔቱ ኮሚቴ ስለ አንድ መምህር ጻፊ ሲለኝ፣ ጥቁር አንበሳ በራውንድ ላብ ካስጠመቁን ፕሮፌሰሮች አንዱን እንደምመርጥ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ስለ እነሱ የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የመረጥኳቸው መምህር ካረፉ ከ730 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዲግሪ አልነበራቸውም፣ ለማንም ዲግሪ አልሰጡም። ያስተማሩት እኔ ባደግሁበት አገር፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ በምታገኙት ሐይቅ፣ በእስጢፋኖስ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ይባላሉ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በሁለት ነገር ይሆናል፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት መምህር፣ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ደጋፊ። ሁለቱም የሚገኙት የሌላ ሰው ስም ተጠግተው ነው። እሳቸው ራሳቸውስ ማን ነበሩ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ሁልጊዜ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ ከማን ጋር እንደሆነ እየታየም መልሱ ይለወጣል። እኔን የሳበኝ ይኸው ነው። የኮርስ ጓደኞች በተገናኘን ቁጥር ተለውጠሻል፣ አልተለወጥሽም እየተባባልን የምንከራከረው ክርክር፣ ለካ በእሳቸው ላይ ሰባት ምዕተ ዓመት ሙሉ ሲካሄድ ኖሯል።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሁለተኛው፣ ስለ አባ ኢየሱስ ሞዐ የምናውቀው ከሁለት ዓይነት ምንጭ ነው። አንደኛው ገድላቸው ሲሆን፣ የተጻፈው እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ስታኒስላስ ኩር የሚባል ሊቅ በ1965 አሳትሞታል። ሌላው በገዳሙ መጻሕፍት ላይ የቀሩት ማስታወሻዎች ናቸው። ሁለቱን አገናዝበው የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ በወጉ የጻፉልን የዩኒቨርሲቲያችን የታሪክ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው፤ ጽሑፋቸው በ1970 ወጣ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉት ትልቁ መጽሐፍ ደግሞ በ1972። እኛ አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ስንሸመድድ እሳቸው ስድስት ኪሎ ነበሩ። የእኔን አገር ታሪክ ያስተማሩኝ ግን በመጽሐፋቸው ነው፤ ያውም ሐኪም ከሆንኩ በኋላ።

ኢየሱስ ሞዐ በ1214 ገደማ ዳህና በሚባል አገር ተወለዱ። ዛሬም ዋግ ኽምራ ውስጥ ዳህና የሚባል ወረዳ አለ። ጎልማሳ ሲሆኑ ወደ ሰሜን ሄደው ደብረ ዳሞ ወጡ። ወጡ ስል በእርግጥም ወጡ ማለቴ ነው፤ ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው፣ መውጫውም ገመድ ነው። እዚያ የተቀበሏቸው አባ ዮሐኒ ነበሩ።

ከዮሐኒ ጋር የነበሩት ኢየሱስ ሞዐ የሚታወቁት በእጃቸው ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ሰባት ዓመት ታዝዘው ኖሩ፣ መጻፍ ተማሩ፣ መጽሐፍም ገለበጡ። መጽሐፍ መገልበጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማናውቀው፦ ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይደርቃል፤ ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል፤ ከዚያ ቀን ከቀን አጎንብሶ መጻፍ ነው። ወገብ ያጎብጣል፣ ዓይን ያደክማል። በዚህ ዘመን አፋቸውን የከፈቱበት፣ የተከራከሩበት፣ ያዘዙበት ታሪክ አይነገርም። ዮሐኒ ፊት ዝም የሚሉ፣ የሚሠሩ፣ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። የገድሉ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ፣ አንድ ጎበዝ ጸሓፊ መነኩሴ ነበሩ ብለን እናልፋቸው ነበር።

በ1248 አካባቢ ሐይቅ መጡ። ቦታው ያኔ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ውሃው ሸሽቶ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተገናኝቷል፣ በእግር ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑን እሳቸው አልመሠረቱትም፤ ትውፊቱ ከዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ያደርሰዋል። የእሳቸው ሥራ ቦታውን ገዳምና ትምህርት ቤት ማድረግ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ደጋግመው የሚያሳዩን ነገር አለ፤ ከዚያ በፊት የአምሐራም የሸዋም ልጅ ከፍ ያለ የገዳም ትምህርት ቢሻ ትግራይ ድረስ መሄድ ነበረበት። ከሐይቅ በኋላ ግን ትምህርቱ ወደ ልጁ ቀረበ። የወሎ ልጅ ሐኪም ለመሆን አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ወይም ጅማ ይሄድ የነበረበትን ጊዜ የምናስታውስ፣ ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ሐኪም ሲያስመርቅ የምናይ ሰዎች፣ ይህ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ እናውቃለን።

እንግዲህ ያ በዳሞ ዝም ብሎ የሚጽፍ መነኩሴ እዚህ ሌላ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ያስተዳድራል፣ ደንብ ያወጣል፣ ደቀ መዝሙር ያሰማራል። ትውፊቱ ደቀ መዛሙርቱን እስከ 800 ያደርሳቸዋል። ከእነሱ መካከል በኋላ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ ይገኛሉ፤ ከአንድ ሐይቅ ወጥተው ሌላ ሐይቅ ላይ፣ በዚያው በእስጢፋኖስ ስም። ለተማሪ ቤቱ ፍቅር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ይኩኖ አምላክ ይምጡ።

የሐይቅ ትውፊት፣ ይኩኖ አምላክ ገና ወጣት ሳሉ በዚያው ደሴት ከአባ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር ተምረዋል ይላል። በ1270 የመጨረሻውን የዛጔ ንጉሥ ድል አድርገው ሲነግሡ ገዳሙ ከእሳቸው ጋር ነበር። ቃል ኪዳን እንደተጋቡም ይተረካል። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ተባሉ፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ስሙ ትሁት ቢመስልም ሥልጣኑ ቀላል አልነበረም። በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ዓቃቤ ሰዓቱ ከንጉሡ አጠገብ ከማይታጡት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ንጉሥ ዘንድ መግባትና አለመግባት በእሱ በኩል የሚያልፍበት ጊዜም ነበር። የሆስፒታል ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ሜዲካል ዳይሬክተሩን ለማግኘት ማንን መለመን እንዳለብን ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ዮሐኒ ደብረ ዳሞ ላይ ሆነው ያንን ዝምተኛ ጸሓፊ ሥርወ መንግሥት ሲለወጥ እጁ ያለበት ሰው ነው ብትሏቸው የሚያምኑ አይመስለኝም። ኢየሱስ ሞዐ አስመሳይ ሆነው አይደለም። ዮሐኒ ያንን ጎናቸውን የሚጠራ ነገር አልነበራቸውም፤ ምን ያደርጉለት ነበር? ያንን የጠራው የንግሥና ሐሳብ ያለው አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ ጥያቄውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ መልሱ መነኩሴው ዘንድ መኖሩን መነኩሴው ራሳቸውም ላያውቁ ይችላሉ። ይህን የምለው እንደ ታሪክ ሰው አይደለም፣ ታሪክ ሰው አይደለሁም። ስንት ዓመት ሰው ሳይ የኖርኩ ሐኪም ሆኜ ነው።

ከዚያው ዘመን አንድ ነገር በእጃችን አለ። በ1280 ወይም 81 አባ ኢየሱስ ሞዐ ለእስጢፋኖስ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል እስካሁን አለ። የእሳቸው ሥዕል በውስጡ ይገኛል፤ በዘመናቸው የተሣለ ወይም ከዘመናቸው ብዙም ያልራቀ ነው። በአገራችን የዚያን ያህል ዘመን ያለፈው የአንድ መምህር ሥዕል ስንት አለ? መጽሐፉ ላይ ከተጻፉት ማስታወሻዎች መካከል የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ይገኛል። ልብ አድርጉ፤ ንጉሥ አንግሠዋል የተባሉት ሰው ለገዳማቸው የተዉት መጽሐፍ ነው። የዮሐኒ ተማሪ ከይኩኖ አምላክ ዘመን በኋላም ከውስጣቸው አልጠፋም ማለት ነው።

እኔ ይህን መጽሐፍ በዓይኔ አላየሁትም። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ኢንተርን ሳለን ለእረፍት የባቻችንን ልጆች ወደ አገሬ ይዤ ሄጄ ነበር። ዳር ላይ ቆሮሶ ጥብስ በላን፤ ከዚያ ወንዶቹ ገቡ፣ እኛ ሴቶቹ በሩ አካባቢ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ሲመለሱ አንዱ የነገረን ስለ ብራናዎቹ ነው። አንዱ ስለ ወፎቹና ስለ ውሃው ቀለም አወራ። ሦስተኛው፣ ዛሬ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው፣ ስለ ሕንፃውም ስለ መጽሐፉም አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ አንድ እግራቸው የቆሰለ ሽማግሌ መነኩሴ አግኝቶ ስለ ቁስሉ ብቻ ነበር የሚያስበው። ሦስቱም የገቡት አንድ በር ነው፣ የቆዩትም አንድ ሰዓት። ለእኔ ገዳሙ ዛሬም ድረስ እነዚያ ሦስቱ ናቸው።

ለነገሩ ወንጌሉን በሌላ መንገድ አይቼዋለሁ። የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ይህኛው ቁጥር 1832 ሆኖ ተመዘገበ። በዩኒቨርሲቲያችን አስተምረው በኋላ ሚኒሶታ የሄዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ካታሎግ ውስጥ ይገኛል። ሚኒሶታ የምትኖር የኮርስ ጓደኛዬ የማይክሮፊልሙን ቅጂ ፈልጋ በስልክ ላከችልኝ። እሷ ዕጩ ሐኪም ሳለን የታሪክ መጽሐፍ ይዤ ስታይ ትስቅብኝ የነበረች ናት።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ደረስኩ።

ተክለ ሃይማኖት የሸዋ ሰው ናቸው። ሐይቅ ሲመጡ ልጅ አልነበሩም። የታሪክ ሰዎች እንደሚገምቱት የተወለዱት በ1215 ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ከላይ ከጻፍኩት ጋር አስተያዩት፤ መምህሩ በ1214፣ ተማሪው በ1215። እኩዮች ነበሩ! እኔ ይህን እስካይ ድረስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐን ሁልጊዜ ነጭ ሪዝ ያላቸው ሽማግሌ፣ ተክለ ሃይማኖትን ደግሞ ፊደል የሚቆጥሩ ለጋ አድርጌ ነበር የምስላቸው። አይደለም። አንዱ ቀድሞ ስለጀመረ መምህር የሆነ፣ ሌላው ዘግይቶ ስለመጣ ተማሪ የሆነ፣ ሁለት ጎልማሶች ናቸው። በሬዚደንሲ ይህ ደርሶብን የለ? የባቻችን ልጅ አንድ ዓመት ቀድሞን ገብቶ ሲኒየራችን ሲሆን። ቀን በራውንድ ዶክተር እንለዋለን፣ ማታ እራት ላይ በቅጽል ስሙ።

ተክለ ሃይማኖት ወደ አሥር ዓመት ያህል ሐይቅ ቆዩ። ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ ወደዚያው ወደ አባ ዮሐኒ። የመምህራቸው መምህር ዘንድ መሄዳቸው ነው። ሁለት ጓደኞች አንዱ የሌላውን አባት ሲያውቅ የሚሆነውን አስቡት። ኢየሱስ ሞዐ ዮሐኒ ፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ሐይቅ ላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ደቀ መዛሙርቱ የሚያውቁት አበምኔቱን ነው፣ ቤተ መንግሥቱ የሚያውቀው የንጉሡን ወዳጅ ነው። ተክለ ሃይማኖት ግን ያንን ገመድ ወጥተው፣ በዚያው አምባ ላይ በዚያው መምህር እጅ ሥር ብዙ ዓመት ኖረው ተመለሱ። ሲመለሱ መንገዳቸው በሐይቅ በኩል ነበር።

እዚህ ላይ ነው ትውፊቱ የሚለያየው። የምንኩስና ልብስ በደረጃ የሚሰጥ ነው፤ ቀሚስ አለ፣ ቅናት አለ፣ ቆብ አለ፣ አስኬማ አለ። ማን ለማን ሰጠ የሚለው ደግሞ ማን የማን አባት ነው ማለት ነው። በሐይቅ ወገን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኢየሱስ ሞዐ አባት፣ ተክለ ሃይማኖት ልጅ። በደብረ ሊባኖስ በኩል ከሚተረከው ውስጥ ግን ሌላ አለ፤ ተክለ ሃይማኖት የቀረውን ከዮሐኒ ተቀብለው ሲመለሱ፣ ኢየሱስ ሞዐ በተራቸው ከቀድሞው ተማሪያቸው እጅ ተቀበሉ የሚል። ሁለቱ ቤቶች በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክሩ ስለ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ቀዳሚነት ነበረበት፣ ርስት ነበረበት፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ማን የት ይቆማል የሚል ነበረበት። የይኩኖ አምላክ ጉዳይም ውስጡ ገብቷል፤ ዙፋኑን ያስመለሱት ተክለ ሃይማኖት ናቸው የሚለው ትረካ በአገሩ ሁሉ ሲሰማ፣ ሐይቅ ግን ኢየሱስ ሞዐ ናቸው ይላል። ያኔ የተክለ ሃይማኖት ደብር ገና ትንሽ ስለነበረ፣ ሐይቅ ደግሞ ለይኩኖ አምላክ አገር ቅርብ ስለሆነ፣ የታሪክ ሰዎች ሚዛን ወደ ሐይቅ ያደላል።

የአስኬማውን ነገር ለመዳኘት ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለኝም። ግን አንድ ነገር ልናገር። ሂስትሪ ስንወስድ የታማሚውን ቃል ብቻ ይዘን አንቀመጥም፤ እናቱን እንጠይቃለን፣ ሚስቱን እንጠይቃለን፣ አብሮት የሚሠራውን እንጠይቃለን። ቃላቸው ሲለያይ ጀማሪ ተማሪ ከመካከላቸው ማን እንደዋሸ ይፈልጋል። ትንሽ የቆየ ሐኪም ግን ማን በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ቤት እንዳየው ይጠይቃል። የሐይቅ መነኮሳት ያዩት የሚሰጠውን ኢየሱስ ሞዐ ነው፤ ሌላ ሊያዩ አይችሉም፣ ልጆቻቸው ናቸውና። ከእኩያቸው ሲቀበሉ፣ አጎንብሰው ሲጠብቁ፣ እንደ ገና የዮሐኒ ተማሪ ሲሆኑ ሊያያቸው የሚችል ሰው ቢኖር ተክለ ሃይማኖት ብቻ ናቸው። ያንን ትረካ ተሸክሞ የኖረውም የተክለ ሃይማኖት ቤት መሆኑ አይገርመኝም።

ይህን ስጽፍ የማስባት አንዲት ጓደኛችን አለች። ባቻችን ውስጥ ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ ስሟን አልጠራም። ሙት ዓመቷ ላይ ቤተሰቧ ቤት ተሰብስበን ስለ እሷ እናወራ ጀመር። አንዱ ወንድማችን እንዴት ቁም ነገረኛ እንደነበረች፣ ሌሊት ሙሉ ይዛው ፓቶሎጂ እንዳስጠናችው ተናገረ። አብራት ገጠር የሠራች ሌላዋ ደግሞ ቀልዷን፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከዘበኛው ጋር እስክስታ ስትወርድ የነበረውን አወራች። እኔ የማውቃት ፈሪዋን ነው፤ ከፈተና በፊት እጄን ይዛ የምትንቀጠቀጠውን። ሌሎቹ ደነገጡ፣ እሷ ፈርታ አታውቅም ብለው ተከራከሩኝ። ነገሩ ወደ ሙግት ሊሄድ ሲል እናቷ እንድንቀጥል ለመኑን። ልጃቸው እስክስታ መውረዷን እሳቸው አያውቁም ነበር፤ ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ አይጨፍርም። ሁሉንም እንድንነግራቸው ፈለጉ። እስከ ማታ ቆየን።

ከዚያ ወዲህ የሐይቅንና የደብረ ሊባኖስን ነገር ሳነብ፣ የሚከራከሩ ገዳማት ብቻ ሳይሆኑ ሙት ዓመት ላይ የተቀመጡ ጓደኞች ይመስሉኛል። እያንዳንዱ የያዘውን አይለቅም፤ ቢለቅ ያ ጎናቸው ከነአካቴው ይጠፋልና።

የእሳቸውን መጨረሻ ላውራ። ይኩኖ አምላክ በ1285 አረፉ። ኢየሱስ ሞዐ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ኖረዋል። በእነዚያ ዓመታት ዙፋኑ ላይ የነበሩት የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግባ ጽዮን ናቸው። ከልጁ ጋር እንደ አባቱ ስለመወዳጀታቸው የሚነገር ትልቅ ታሪክ አልሰማሁም። ያንን የቤተ መንግሥት ጎናቸውን የጠራው ሰው ሲሄድ፣ ጎናቸውም አብሮ ያረፈ ይመስለኛል። የቀራቸው ትምህርት ቤቱና መጽሐፉ ነው፤ የደብረ ዳሞው ሥራ።

በ1293 በሰማንያ ዓመታቸው አካባቢ፣ 45 ዓመት ያህል ሐይቅ ላይ ኖረው አረፉ። ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች። በዚያ ቀን ሐይቅ ከተማ ብትገኙ ነጭ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ታያላችሁ። ሴቶቹ ውጭ ሆነን እናስቀድሳለን። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከብቱን ይጠብቁልናል፣ ልጆቹን ያያሉ። ወሎ ነውና ይህን ማንም እንደ ልዩ ነገር አያወራውም።

ተክለ ሃይማኖት በሸዋ፣ ያኔ ደብረ አስቦ በሚባለው፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው ቦታ በዓታቸውን ይዘው፣ ጓደኛቸው ካረፉ በኋላ 20 ዓመት ኖሩ። ደቀ መዛሙርት በዙሪያቸው ነበሩ፤ አባታችን የሚሏቸው። ደብረ ዳሞን የሚያውቅ፣ ዮሐኒን የሚያውቅ፣ ተማሪ ሆነው ሐይቅ የገቡበትን ቀን የሚያስታውስ እኩያ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። በ1313 ሲያርፉ፣ ኢየሱስ ሞዐን እንደ እኩያ ያወቀ የመጨረሻው ሰው አብሯቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው የልጆቻቸው ወሬ ነው።